አያት የሆኑት ነጋዴ

ስለ ወላጅ አልባ ልጆች አገልግሎት በተደረገው የአጥቢያ ተወካዮችና የፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ይህ ስብሰባ ወላጆቻቸውን ስላጡ ልጆች አገልግሎት የምንመክርበት ስለ ሆነ፣ ንግግራችንን በሪፖርትና በቁጥር ከመጀመር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ይዘን ለመቅረብ ወደድን። ሰውየው ሰባኪ አልነበሩም። የዶሮ ሥጋ በዳቦ መካከል አድርገው ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ነበሩ። ሳሙኤል ትሩዌት ካቲ ይባላሉ፤ በአሜሪካን አገር በጆርጂያ ግዛት ተወልደው፣ እዚያው ሠርተው፣ እዚያው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2014 በ93 ዓመታቸው ያረፉ ሰው ናቸው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በአትላንታ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፣ ከእናንተም መካከል ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ። እነርሱ ቺክፊሌይ የሚባለውን ምግብ ቤት ያውቁታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ርቧቸው ወደዚያ የሄዱ ሁሉ በሩን ተዘግቶ አግኝተውታል። በሩን በእሑድ ያዘጉት እኒህ ሰው ናቸው።

ትሩዌት ካቲ የተወለዱት ማርች 14 ቀን 1921 ኢተንተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ገና በሕፃንነታቸው ቤተ ሰቡ ወደ አትላንታ ፈለሰ። አባታቸው ኢንሹራንስ እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ዘመኑ ግን ክፉ ነበረና ገቢያቸው 7 ልጆች ላሉበት ቤት የሚበቃ አልሆነም። ስለዚህ እናታቸው ቤታቸውን ለአዳሪዎች ከፍተው፣ ምግብ እያበሰሉና ልብስ እያጠቡ ቤተ ሰቡን ይደግፉ ነበር። ልጁ ትሩዌትም ሳሕን ማጠብን፣ በቆሎ መላጥን፣ ገበታ መዘርጋትን ከእናታቸው ጓዳ ተማሩ። በ8 ዓመታቸው 6 ጠርሙስ ኮካ ኮላ በ25 ሳንቲም ይገዙና አንዱን በ5 ሳንቲም ይሸጡ ጀመር። ስድስቱ ሁሉ ተሸጠው የሚተርፈው 5 ሳንቲም ነው። በየከተማችን መናኸሪያ ማስቲካና ሶፍት ይዘው የሚሮጡትን ልጆች ለምናውቅ ለእኛ ይህ ሒሳብ እንግዳ አይደለም።

ከአባታቸው ጋር ግን ብዙም አይቀራረቡም ነበር። አባታቸው እወድሃለሁ ብለዋቸው እንደማያውቁ በኋላ ዘመን ራሳቸው ተናግረዋል። ይህን የምናነሣው ሙት ለመውቀስ አይደለም። በዚያም አገር ሆነ በእኛ አገር የዚያ ዘመን አባት ፍቅሩን የሚገልጠው ሠርቶ በማምጣት እንጂ በአፉ አልነበረም። ነገር ግን ልጁ ይህን ጉድለት የሞላላቸው ሰው አገኙ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሯቸው አንድ ሰው፣ ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ልጆቹን ሰብስበው የሚያዝናኑ፣ አብረው የሚውሉ ነበሩ። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደርነታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1946 ከወንድማቸው ከቤን ጋር ሆነው ሄፕቪል በሚባል የአትላንታ ዳርቻ አንዲት ምግብ ቤት ከፈቱ። ያላቸውን ሸጠውና አሰባስበው ከባንክ በተበደሩት ላይ ጨመሩት። ቤቲቱ 10 የባንኮኒ መቀመጫና 4 ጠረጴዛ ብቻ ነበራት። ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት ይሠሩባት ነበር፤ በአቅራቢያዋ የአውሮፕላን ማረፊያና የፎርድ መኪና መገጣጠሚያ ስለ ነበሩ ፈረቃ የሚለወጥ ሠራተኛ በየሰዓቱ ይገባ ነበር። እሑድ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትዘጋ ነበር። ዛሬ ኩባንያው ከገነነ በኋላ ይህ ቀላል ይመስላል። ብድር ያለበት ጀማሪ ነጋዴ በሰባት ቀን አንዱን ሲተው ምን ማለት እንደ ሆነ ግን በመካከላችን ያላችሁ ነጋዴዎች ታውቁታላችሁ።

ሐዘን ዘግይቶ አልመጣም። በ1949 ቤንና ሌላው ወንድማቸው ሆራስ በአንድ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በ1960 ደግሞ በኋላ የከፈቱት ሁለተኛው ምግብ ቤት በእሳት ነደደ። ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት፣ ለሳሕኑ መጠን አልስማማ ያለውን የዶሮ ፍርምባ እንዲገዙት ባቀረበላቸው ጊዜ፣ አጥንት የሌለውን ሥጋ ቀምመውና ጠብሰው በዳቦ ማቅረብን ፈለሰፉ። በ1967 በአትላንታ በአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ቺክፊሌይ ተከፈተ። ሲሞቱ ምግብ ቤቶቹ ከ1,800 በላይ ደርሰው ነበር። የንግዱን ታሪክ ከዚህ አናስረዝመውም፤ ለሚፈልግ በብዙ ተጽፏል።

አንድ ነገር ግን ለልማት ሠራተኞች ሳንነግር አናልፍም። ሌሎች ታላላቅ የምግብ ቤት ኩባንያዎች ቅርንጫፍ የሚይዝላቸውን ሰው ብዙ ካፒታል አምጣ ሲሉት፣ እርሳቸው ለብዙ ዓመታት የጠየቁት 5,000 ዶላር ብቻ ነበር። ሕንጻውንና ዕቃውን ኩባንያው ያቀርባል፤ የቤቱን ትርፍ ደግሞ ከያዡ ጋር እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ሀብት የሌለው፣ ነገር ግን ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው ባለ ሥራ መሆን ቻለ። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በወጥ ቤትና በገንዘብ መቀበያ ለሚሠሩ ወጣቶች ለኮሌጅ ትምህርታቸው በነፍስ ወከፍ 1,000 ዶላር መስጠት ጀመሩ። በ1982 ንግዱ ሲከብድ ለዚያ ዓመት ለራሳቸው ደመወዝ ሳይወስዱ ቀሩ፤ በዚያው ዓመት የኩባንያው መሪዎች ተሰብስበው፣ ሥራው የቆመው በአደራ ለተሰጣቸው ሁሉ ታማኝ መጋቢ በመሆን እግዚአብሔርን ለማክበር መሆኑን በጽሑፍ አሰፈሩ። መጋቢ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ለወንጌል አገልጋይ ማዕርግ ሆኖ ስለ ቀረ፣ ለዶሮ ነጋዴ ሲነገር መስማት መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ትሩዌት ካቲ ከ50 ዓመት በላይ በቤተ ክርስቲያናቸው በሰንበት ትምህርት ቤት የ13 ዓመት ወንዶች ልጆችን አስተምረዋል። ከ50 ዓመት በላይ ነው የምንለው! ኩባንያው በአገሩ ሁሉ ሲስፋፋ፣ ስማቸው በጋዜጣ ሲወጣ፣ ክፍሉን ለሌላ አላስረከቡም። 13 ዓመት ደግሞ ማንም የማይመርጠው ዕድሜ ነው፤ ልጅ ነው እንዳይባል ድምፁ ጎርንኗል፣ ጎልማሳ ነው እንዳይባል ገና ይጫወታል። እነዚህ ልጆች ከክፍሉ ከወጡ በኋላም አልተዋቸውም። ከነዚያ አንዱ፣ እናቱን በሞት ያጣ ልጅ፣ እንደ አባት ሆነውለት አድጎ ኋላ በኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ደረሰ።

በ1984 ዊንሼፕ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ሥራው የተጀመረው በጆርጂያ በሚገኘው በቤሪ ኮሌጅ ለሚማሩ ወጣቶች በሚሰጥ የትምህርት ዕርዳታ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት የልጆች የክረምት ካምፕ ተጨመረ። ከዚያ ግን ካምፑም የትምህርት ገንዘቡም የማይደርስላቸው ልጆች መኖራቸው ታየ፤ እነርሱም ካምፑ ሲያልቅ የሚመለሱበት ቤት የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ በ1987 ልጆችን ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤት ተከፈተ። አንድ ቤት ብቻ ሆኖም አልቀረም፤ በጆርጂያ፣ በቴነሲና በአላባማ ሌሎችም ተከተሉ። በወንጌል መልእክተኝነት ሴት ልጃቸውና ባለቤቷ በኖሩበት በብራዚልም አንድ ነበር።

የቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሰፊ ሕንጻ፣ ረጅም የአልጋ ረድፍ፣ ደወልና የፈረቃ ሞግዚት የለም። አንድ የመኖሪያ ቤት አለ፤ በውስጡ ባልና ሚስት ወላጅ ሆነው ይኖራሉ፤ ልጆቹ ከ12 አይበልጡም። ወንድምና እኅት የሆኑ አይለያዩም። ልጁ የሚመጣው ለወራት ተጠልሎ ሊሄድ አይደለም፤ እዚያው ሊያድግ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣም ቤቱ ቤቱ ሆኖ ይቆያል፤ በበዓል የሚመለስበት፣ ሲያገባ የሚያስተዋውቅበት።

በእነዚህ ቤቶች ያደጉት ልጆች ከመቶ በላይ ናቸው። እነርሱም ባለጠጋውን ሰውዬ በማዕርጋቸው አይጠሯቸውም ነበር። የእኛ ልጆች አባባ እንደሚሉት፣ እነርሱም ግራንድፓ ይሏቸው ነበር። የአብራካቸው ክፋይ የሆኑ የልጅ ልጆችም ነበሯቸው፤ ከእነዚያም አንዱ በ2021 የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ዓለም የሚያውቀው ያንን የልጅ ልጅ ነው። እነዚያ ሌሎቹ፣ በደም የማይዛመዷቸው ግን አያቴ የሚሏቸው፣ ከሀብቱ ድርሻ የላቸውም፤ ያላቸው አያት ነው።

በ2004 አንድ መጽሐፍ ጻፉ። ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ፣ ሰዎችን ከመጠገን ልጆችን ማነጽ ይሻላል የሚል ነው። እኛ በዚህ ርእስ ፈጽሞ አንስማማም ማለት ባንችልም፣ የሚጠገኑ ጎልማሶችንም የሚያገለግሉ ባልደረቦች በመካከላችን ስላሉ በጥቂቱ እናለዝበዋለን። የርእሱ ባለቤት ግን የተናገሩትን የኖሩ ሰው መሆናቸውን አንክድም።

ወገኖች፣ እኒህን ሰው ጻድቅ አድርገን ልናቆምላችሁ አልመጣንም። ሲሞቱ ሀብታቸው በቢሊዮን ዶላር ይቆጠር ነበር። አሮጌ ውድ መኪናዎች መሰብሰብም ይወዱ ነበር። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታ ያመሰገናት መበለት ባስቀመጠችው ሚዛን ቢመዘኑ፣ ከትርፋቸው የሰጡ እንጂ ከጉድለታቸው የሰጡ አይባሉም። ስለዚህ የገንዘባቸው ብዛት አያስደንቀን። ገንዘብ ለባለጠጋ ከሁሉ ይልቅ ለመስጠት የሚቀልለው ነገር ነው። የሚከብደው እሑድ ጧት ነው፤ 13 ዓመት ከሞላው ልጅ ጋር መቀመጥ ነው፤ አያቴ ተብሎ መጠራትና እንደ ተጠሩት መገኘት ነው። እኒህ ሰው ገንዘቡን ከሰጡ በኋላ ራሳቸው ተከትለውት መጡ። የዛሬው መልእክታችን ይኸው ነው።

ይህን ለምን በዚህ ስብሰባ አነሣነው? ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ልጅ የምንመዘግብበትን ቅጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። የአሜሪካን ቅጽ የአያት ስም አይጠይቅም። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ያለ አያቱ ስም ሙሉ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መታወቂያ ሲያወጣ፣ ፍርድ ቤት ሲቆም፣ ስምህ እስከ አያት ይባላል። ሕፃን ሆነው ተጥለው የተገኙ ልጆች ሲመዘገቡ ግን ያ ሦስተኛው መስመር ባዶ ይሆናል፤ ወይም ለጽሕፈት ሥራ ያህል የተገኘ ስም ይሞላበታል። ስሙ ተሞላ፤ ሰውየው ግን የለም።

በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን በአገራችን አያሌ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተከፍተው ነበር። የሞት ጊዜ ነበርና ከሞት አትርፈዋል፤ ስማቸው ይባረክ። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ከነዚያ ድርጅቶች አንዳንዶቹ ልጆቹን ወደ ዘመድና ወደ ማኅበረ ሰብ መመለስ ጀመሩ፤ ምክንያቱም በማሳደጊያ ያደገ ልጅ ጠግቦና ተምሮ ሳለ፣ ከበር ሲወጣ የማን ልጅ ነህ ለሚለው ጥያቄ መልስ ያጣ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ለውጭ አገር ሰው ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን አስቀረ። ስለዚህ ወላጅ የሌለው ኢትዮጵያዊ ልጅ የሚያድገው እዚሁ በእኛው መካከል ነው። ጉዲፈቻ ራሱ ከኦሮሞ ሕዝባችን ባህል የወረስነው ቃል ነው፤ ልጅን ስምና ርስት ሰጥቶ የራስ ማድረግን ለመማር ወደ ጆርጂያ መሄድ አያስፈልገንም። ከጆርጂያው ነጋዴ የምንማረው ሌላ ነገር ነው፤ በጉዲፈቻ መውሰድ ያልቻለ ሰው እንኳ ለልጅ አያት ሊሆን እንደሚችል።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የምናየው ልጆቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው ነው። በዚያ ቀን ስማቸው ከመዝገብ ይወጣል፤ የወር ድጋፉ ይቆማል። ሥራ ሲያገኝ ዋስ አምጣ ይባላል። ፕሮጀክት ዋስ አይሆንም። ሴት ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ላክ ሲባል፣ ፕሮጀክት ሽማግሌ ሆኖ ጋቢ ለብሶ አይላክም። ሙሽራዪቱም ብትሆን የሚመርቃት ጉልበት ትፈልጋለች፤ የሒሳብ ክፍላችን ጉልበት የለውም። ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ዕለት ዕለት ስንቅ ይዞ የሚገባ ሰው ያስፈልገዋል። ከፕሮጀክት ከወጡ በኋላ የደከሙት ልጆች ታሪክ ሲጠና፣ ብዙ ጊዜ የጎደላቸው ትምህርት ሳይሆን ይህ ሆኖ እናገኘዋለን።

በየአጥቢያችን ደግሞ ነጋዴዎች አሉን። እህል በጅምላ የሚሸጡ፣ ወፍጮ ያላቸው፣ የጭነት መኪና የሚያሠሩ፣ የሕንጻ መሣሪያ መደብር የከፈቱ። ቤተ ክርስቲያን ጣራዋ ሲያፈስስ ቆርቆሮ ይሰጣሉ፤ በምረቃው ቀን ስማቸው ይጠራል፤ ይጨበጨባል፤ ይበላል ይጠጣል። ይህ መልካም ነው፤ ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን የእነዚህ ሰዎች እጅግ የከበረው ሀብት ቆርቆሮው አይደለም። ገበያን ያውቃሉ፤ ሰው ያውቃሉ፤ ቃላቸው በከተማው ይታመናል። እኔ አውቀዋለሁ ብለው ሲናገሩለት ለአንድ ወጣት በር ይከፈትለታል። ከእነርሱም ብዙዎቹ የራሳቸው ልጆች አድገው፣ አንዳንዱም ባሕር ማዶ ሄደውባቸው፣ የልጅ ልጃቸውን በስልክ ብቻ የሚያዩ ናቸው። በአንድ በኩል አያት የሌለው ልጅ አለ፤ በሌላው በኩል የልጅ ልጅ የናፈቀው ሽማግሌ አለ፤ ሁለቱም በአንድ አጥቢያ በእሑድ ጧት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ፣ ከሽማግሌዎች ጉባኤ ጋር ተማክሮ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ይምረጥ። በዕድሜ የበሰሉ፣ በቤታቸውና በንግዳቸው የተመሰከረላቸው ይሁኑ። እናቶችንም አትርሱ፤ ጠላም አረቄም ሳይጠምቁ በበርበሬና በቅቤ ንግድ ልጆቻቸውን ለወግ ማዕረግ ያበቁ እናቶች አሉን። ከእነዚህ ሰዎች ገንዘብ አትጠይቁ። ይህን አጥብቀን እንናገራለን፤ ገንዘብ ከተጠየቁ ገንዘቡን ሰጥተው ይሄዳሉና። የሚጠየቁት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለአንድ ልጅ፣ ወይም ወንድምና እኅት ለሆኑ ልጆች። ለትንሣኤና ለገና ልጁን ከአሳዳጊው ጋር ወደ ቤታቸው ይጥሩት። ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ይሂዱለት። 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ እኛ ከመዝገብ ስናወጣው እነርሱ አያውጡት።

የጣቢያ ኃላፊዎች ጥንቃቄውን አደራ። ማንም ሰው፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ልጅን ለብቻው ይዞ እንዲወጣ አይፈቀድለትም። ጉብኝቱ አሳዳጊው ወይም የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ባለበት ይሁን፤ ሰውየውም አስቀድሞ የልጆች ጥበቃ ደንባችንን አንብቦ ይፈርም። ይህን በመጠየቃችን የሚቀየም ቢኖር፣ መቀየሙ ራሱ መልስ ነው። ደግሞም ልጁ ይጠየቅ። አያት ይሁኑህ ተብሎ የተሰጠው ሰው ካልቀረበው፣ አይገደድ።

አንድ ነገር እንጨምርና እንጨርሳለን። ባለፈው ከአጥቢያ ተወካዮች አንዱ፣ ይህ ሥራ በበጀት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ የት ይገባል ብለው ጠይቀውን ነበር። በበጀት ውስጥ አይገባም፤ ለሻይ እንኳ የተያዘ ገንዘብ የለም። የሚገባው በልጁ ፋይል ውስጥ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመመዝገቢያው ቅጽ ጀርባ አንድ መስመር ጨምረናል፤ የአያት ስም ከሚለው መስመር የተለየ ነው፤ ልጁ አያቴ ብሎ የሚጠራው ሰው ይላል፤ ከሥሩም የስልክ ቁጥር መጻፊያ አለ። አዲሱን ቅጽ ከጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ታገኛላችሁ፤ ለየጣቢያችሁ በልጆቻችሁ ቁጥር ልክ ቆጥራችሁ ውሰዱ፤ የተሞላውንም ከክረምቱ በፊት መልሱልን።